ምስክርና ምስጢር፦ ገንዘብና መረጃ በደቡብ ጎንደር ደጋ እንዴት ይጠበቃል?

አንድ ንብረት የማን እንደሆነ ማረጋገጫው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ብዙ ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ሌላው ከባለቤቱ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር ማበጀት ነው። በደቡብ ጎንደር፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ ካለችው አዲስ ዘመን አንስቶ እስከ ደብረ ታቦርና እስከ ጋይንት፣ የመሬትም የብድርም ውል ለዘመናት የቆመው በመጀመሪያው፣ በምስክር ነው። የእጅ ስልክ ይዞት የመጣው ደግሞ ሁለተኛውን፣ ምስጢርን ነው፤ ለማንም የማይነገር አራት ወይም ስድስት አኃዝ። ስለ ስልክ ገንዘብ፣ ስለ ዲጂታል መታወቂያና ስለ መረጃ ጥበቃ ዛሬ የሚነሱት የዕለት ተዕለት ክርክሮች አብዛኞቹ ሥራቸው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን የአጭበርባሪ ብልጠትና የተጠቃሚ አለማወቅ ብቻ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም ጉዳዩን ያሳንሰዋል።

ኅዳግ ላይ የሰፈረ ውል

በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ የሚመዘገበው በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ወንጌል ነው። ጽሑፉ የሻጩንና የገዢውን ስም፣ ዋጋውን፣ ዋሱንና የምስክሮቹን ስም ዝርዝር ይይዛል። አንዳንዱም ውሉን የሚያፈርስ ላይ በሚወድቅ ግዝት ይዘጋል። ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው የኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ መንግሥት የመሬት ታሪክ በአብዛኛው የተመሠረተው በእነዚህ የኅዳግ ሰነዶች ላይ ነው። ፋርጣ ውስጥ ያለችው ማኅደረ ማርያምም በዚህ ዓይነት የመሬት መዝገቧ በታሪክ አጥኚዎች ዘንድ ትታወቃለች።

ብራና ይፋቃል፤ ስም ተፍቆ ሌላ ስም ሊጻፍበት ይችላል። መዝገቡን ከዚህ የሚጠብቀው የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ብቻ አልነበረም። ውሉ ሲፈጸም የቆሙት ሰዎች በሕይወት ነበሩ፣ ልጆቻቸውም ሰምተዋል፤ ጠብ ሲነሳ መጽሐፉ ወጥቶ ይነበባል። የደህንነቱ ምንጭ ይፋነቱ ነው ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ወደ ዘመናዊው ሕግም ተሻግሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የጣት ምልክት፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር ባለጣቱን እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ጣቱ የእርሱ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ምን ላይ እንዳተመ መረዳቱን የሚመሰክር ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ከ1995 ጀምሮ የተሠራው የገጠር መሬት ምዝገባም እንዲሁ ነው። ወሰን ሲለካ ጎረቤት ይቆማል፣ የተመዘገበው ለቀበሌው ሕዝብ ይፋ ይደረጋል፣ ቅሬታ ያለው ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር የሚሰጠው።

ኮከብ 127 መሰላል

ብሔራዊ ባንክ በ2012 ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ ፈቀደ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ጀመረ፤ የተመዝጋቢው ቁጥር ከ50 ሚሊዮን ለማለፍ ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። የንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር ቀድሞ ነበር፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ።

በደጋው ገጠር በብዛት የሚታየው ስልክ ባለቁልፉ ነው። በእርሱ ገንዘብ የሚላከው በመተግበሪያ ሳይሆን ኮከብና መሰላል ባለው አጭር ቁጥር ነው። ይህ መንገድ የሚጓዘው ኔትወርኩ ራሱ ጥሪ በሚያገናኝበት የምልክት መስመር ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በመተግበሪያ የሚላክ ትእዛዝ ከስልኩ እስከ ድርጅቱ ኮምፒውተር ተመስጥሮ ይሄዳል። አጭር ቁጥሩ ግን ከስልኩ እስከ ማማው ባለው የኔትወርኩ ምስጠራ ብቻ የሚጠበቅ ነው፤ በድሮው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ ደግሞ ያ ምስጠራ ደካማ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ይህንን ጉድለት ነው።

ገበያ ላይ ግን ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በአጭር ቁጥሩ ሲገባ የምስጢር ቁጥሩ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ በነጥብ አይሸፈንም፤ እንደ ማንኛውም አኃዝ ተገልጦ ይታያል። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድንቿን ሸጣ የጨረሰች ሴት በስልክ ገንዘብ ወኪሉ ሱቅ መስኮት ስልኳን ታቀብላለች፤ «እስቲ ልጄ፣ ገብቶ እንደሆነ እይልኝ» ትላለች። ልጁ «ቁጥሩ ስንት ነው እማማ?» ይላል። ከኋላዋ አራት ሰው ተሰልፏል። ቁጥሩን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ብትናገርም አራቱም ይሰማሉ። የምልክት መስመሩን ለመጥለፍ የሚደክም ሌባ እዚህ አያስፈልግም።

ለማንም አትንገሩ ወይስ ለሚታመን ብቻ?

የመጀመሪያው አቋም የባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶችና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ ቁጥሩ ለማንም፣ ለድርጅቱ ሠራተኛም ቢሆን፣ አይነገርም። ምክንያቱ ጠንካራ ነው። ሥርዓቱ ሰው አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ያስገባ ሁሉ ለእርሱ ባለቤቱ ነው። ቁጥሩ አንዴ ከወጣ በኋላ ማን እንደላከ ለመለየት መዝገቡ አይረዳም።

ሁለተኛው አቋም ተጽፎ አይገኝም፤ የሚገኘው በተግባር ነው። ምስጢር መጠበቅ የሚችል ሰው ማንበብ የሚችል፣ ዓይኑ የሚያይ፣ ስልኩ የራሱ የሆነና በቤቱ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ነው። ስልኩን ለቻርጅ ከተማ ሱቅ ጥሎ ገበያ የሚውል ገበሬ፣ ወይም መልእክት የሚያነብለት የልጅ ልጁ ብቻ የሆነ ሽማግሌ እዚህ መስፈርት ውስጥ አይገባም። ለእነዚህ ሰዎች ቁጥሩን ለሚያምኑት ሰው መስጠት ስንፍና አይደለም፤ አገልግሎቱን ማግኛው ብቸኛ መንገድ ነው። በታች ጋይንቱም በእብናቱም ቆላ ጠርዝ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆኑ አረጋውያን ክፍያቸው ወደ ስልክ ወይም ወደ ካርድ ሲዞር የሚነሳው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ድሮ በሰልፍ፣ በሰው ፊት ይቀበሉት የነበረውን ገንዘብ አሁን በማን እጅ ይቀበሉ?

ሁለቱ አቋሞች የሚጋጩ የሚመስሉት ሁለት ነገር ስለሚቀላቀል ነው። እርዳታ መጠየቅ ሌላ፣ ሥልጣን መስጠት ሌላ ነው። ሰው ለልጁ «ሂሳቤን እይልኝ» ሲል የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ ስልኩ ግን ሁለቱን ለይቶ የሚሰጥበት መንገድ ስለሌለው አብሮ ሁለተኛውን ያስረክባል። ማየት ብቻ የሚያስችል ሌላ ቁጥር ቢኖር ከጭቅጭቁ ግማሹ ይቀር ነበር።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መስመሩ በማን ስም ነው የሚለው ነው። ሲም የሚወጣው መታወቂያ ባለው ሰው ስም ስለሆነ ሚስት የምትይዘው ስልክ በባሏ ወይም በወንድ ልጇ ስም ሊሆን ይችላል። እርሷ ቁጥሯን የቱንም ያህል ብትደብቅ መስመሩን አስለውጦ አዲስ ቁጥር ማውጣት የሚችለው ባለስሙ ነው። ምስጢር እዚህ ላይ ጨርሶ አይጠብቃትም። የመሬት ደብተሩ የሁለቱንም ፎቶ መያዙ በዚህ በኩል ከስልኩ የተሻለ ጥበቃ ነበር።

የእድርና የእቁብ ገንዘብም ተመሳሳይ ችግር አለበት። እድር ባንክ ሂሳብ ሲከፍት ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጣምራ ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም። ያው ገንዘብ በገንዘብ ያዡ የግል የስልክ ሂሳብ መሰብሰብ ሲጀምር ጣምራ ፊርማው በዝምታ ይጠፋል። ሰውየው ታማኝ ቢሆንም ድንገት ቢሞት ገንዘቡ የወራሾቹ ይመስላል።

ሦስተኛው አቋም የክፍያ ሥርዓት ነዳፊዎች ነው። ምስጢሩ ይወጣል ብለህ ተነሣ፣ ሲወጣ የሚደርሰውን ጉዳት አሳንስ ይላል። የብሔራዊ ባንክ መመሪያም ማንነቱ በጥቂቱ ብቻ የተረጋገጠ ደንበኛ ሊይዝና ሊልክ የሚችለውን መጠን ዝቅ አድርጎ ሲወስን የተወሰነ ያህል ይህንኑ እየሠራ ነው። በተራው ተጠቃሚ ዘንድ ይህ ሐሳብ የሚገባው በቀላል መልክ ነው፦ ስልኩ ላይ የገበያ ገንዘብ ብቻ ይቀመጥ፣ የበሬ ሽያጩ በባንክ ደብተር ይደር። ከሦስቱ አቋሞች ከሰው አቅም በላይ የማይጠይቀው ይህ ነው፤ የሚነገረው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው።

የውሸት ደረሰኝ

የማጭበርበር ዘዴው ብዙ ነው፤ ሆኖም ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ምስጢር ያወጣል። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚለው የዚህ ወገን ነው። የተጠየቀው ቁጥር የሰውየውን ሂሳብ ወይም የቴሌግራም አካውንት በሌላ ስልክ ለመክፈት የተላከ ነው። ሁለተኛው ወገን ምስጢር አይነካም፤ ምስክር ይፈጥራል። ገዢው ብር እንደላከ የሚያሳይ ስክሪንሾት ለነጋዴው ያሳያል፤ መጠኑም ስሙም በኤፍ ቲ የሚጀምረው የባንክ መለያ ቁጥርም አለበት። የተሠራው ግን በፎቶ ማስተካከያ ነው። «ተሳስቼ ልኬልዎት ነው፣ ይመልሱልኝ» የሚለው መልእክትም ወንድሙ ነው፤ የተላከ ብር የለም።

ለሁለቱ የሚሰጠው ምክር አንድ ሊሆን አይችልም። «ቁጥርዎን አይንገሩ» ማለት ለውሸት ደረሰኝ ምንም አይፈይድም። ነጋዴውን የሚያድነው የሰውን ስልክ ማየት ትቶ የራሱን ሂሳብ ማየቱ ነው፤ መልእክቱም ቢሆን ከቴሌብሩ 127 ወይም ከባንኩ ስም የመጣ እንጂ ከተራ ስልክ ቁጥር የተላከ መሆን የለበትም። ኔትወርክ ሲዘገይ ግን ሐቀኛው ገዢና አጭበርባሪው አንድ ዓይነት ሰው ይመስላሉ። ነጋዴው በዚያች ሰዓት የሚወስነው በጥንቱ መንገድ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ።

ከገንዘብ ውጭ ያለው መረጃ ደግሞ የሚፈሰው ያለ ማጭበርበር ነው። ማመልከቻ በሚተየብበትና መታወቂያ ኮፒ በሚደረግበት ሱቅ ኮምፒውተር ላይ የብዙ ሰው መታወቂያ፣ ትራንስክሪፕትና የፍርድ ቤት አቤቱታ ተከማችቶ ይኖራል፤ በየፍላሹም ከቫይረስ ጋር ይዞራል። ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ፓተርኑ አብሮ ይሰጣል። መሥሪያ ቤቶችም በየሦስት ወሩ የይለፍ ቃል በማስለወጥ የሚጠበቁ ይመስላቸዋል፤ ውጤቱ የኮምፒውተሩ ጥግ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን በግዴታ የማስለወጥ ልማድ እንዲቀር መክሯል፤ ሰው በተደጋጋሚ ሲገደድ የሚመርጠው ቃል እየደከመ ይሄዳልና።

ጣትና ዓይን

ምስጢር መያዝ ካስቸገረ ሰውነቱ ራሱ ቁልፍ ይሁን የሚለው ሐሳብ በፋይዳ መጣ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያቋቋመው ይህ ሥርዓት የአሥሩን ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ወስዶ ባለ12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል። የተገነባው ሕንድ ቤንጋሉሩ ውስጥ በተሠራ፣ ማንም ሀገር በነጻ ሊወስደው በሚችል ሶፍትዌር ላይ ነው። ባንኮችም አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳን መጠየቅ ጀምረዋል።

ደጋፊዎቹ አሻራ አይረሳም፣ አይነገርም ይላሉ። ተቺዎቹ መልስ አላቸው፤ የወጣ ቁጥር ይለወጣል፣ የወጣ አሻራ አይለወጥም። ለደጋው የሚቀርበው ተግባራዊ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ድንጋይ ሲለቅም፣ ሲያርስና ሲያጭድ የኖረ ጣት መስመሩ ይሟሟል። በሕንዱ የዲጂታል መታወቂያ በአድሃር ላይ የእጅ ሥራ ሠራተኞችና አረጋውያን አሻራቸው አልነበብ እያለ ራሽን የተከለከሉበት ሁኔታ በሰፊው ተመዝግቧል። ዓይን ብሌን ይህን ችግር ያቃልላል፤ መመዝገቢያው ላይ ያለው የዓይን ማንበቢያ ግን በእያንዳንዱ ወኪል ሱቅ አይኖርም። ሲመዘገቡ መለየትና በየቀኑ ሲገለገሉ መረጋገጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ክርክሩ ውስጥ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይለዩም።

ፋይዳ ለመመዝገብ ሰነድ የሌለው ሰው ቀድሞ በተመዘገበ ሰው ምስክርነት ሊመዘገብ ይችላል። በበሩ የወጣው ምስክር በመስኮት ተመልሷል።

«ሲስተም የለም»

የመረጃ ደህንነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ስርቆት ነው። መረጃው በተፈለገበት ሰዓት አለመገኘቱም ያው ደህንነት ማጣት ነው፤ በባንክ መስኮት «ሲስተም የለም» ተብሎ የሚመለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ምስጠራው ጠንካራ የተባለው መተግበሪያ ዝም ሲል፣ ደረጃው ዝቅተኛ የሆነው አጭር ቁጥር የስልክ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ አገልግሏል። የቱ ነው «ደህና» የሚባለው? መልሱ የሚፈራው ሌባ ነው ወይስ መቋረጥ በሚለው ይወሰናል።

ስለ ቅጂ የሚነሳው ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የአካባቢው ታሪክ በዚህ ላይ ከባድ ምሳሌ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዷቸው መጻሕፍት መቅደላ ላይ ተከማችተው ነበር። በሚያዝያ 1860 ምሽጉ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ወደ 350 የሚጠጉትን ለብሪቲሽ ሙዚየም ወሰደ። ተበትነው በየዕቃ ቤቱ ቢቀሩ ኖሮ አንድ ጦር አንድ ቀን ላይ አያገኛቸውም ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍትን አንስቶ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ሚኒሶታ አስቀመጠ። መጽሐፉ ቢጠፋም ንባቡ አይጠፋም። ሆኖም ቅጂው በሌላ ሀገር መቀመጡ ራሱን የቻለ የባለቤትነት ጥያቄ አስነስቷል።

የገጠር መሬት መዝገብ አሁን በየወረዳው ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሆስፒታሉን ጨምሮ የመንግሥት ተቋማት መዘረፋቸው የሚያስታውሰው የወረዳ መዝገብ በወረዳው ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ነው። ገበሬው ግን ኮምፒውተሩን አይቶ ደብተሩን አይጥልም፤ በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ትክክልም ነው። በሚሊዮን ሣጥን ውስጥ የተበተነ ወረቀት የአንድ ሀገር ትልቁ ቅጂ ነው።

ስም መለጠፍ

ምስክርና ምስጢር ፊት ለፊት የተጋጩት በመጋቢት 2016 ነበር። መጋቢት 6 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተደረገ ማሻሻያ በተፈጠረ ስህተት ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ ያላግባብ የወጣውን ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ብሎታል፤ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። ያልመለሱትን 567 ሰዎች ስም፣ የአንዳንዶቹንም ፎቶ፣ ባንኩ ይፋ አውጥቶ በየቅርንጫፉ ለጠፈ።

የተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያጸደቀው በዚያው ወር በ26 ነው። አዋጁ የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስም መለጠፉን የደገፉት ወገኖች ባለዕዳን በአደባባይ መጥራት የቆየ ልማድ ነው፣ ገንዘቡንም ያስመለሰው ኃፍረት ነው ብለዋል። የተቃወሙት ፍርድ ቤት ሳይፈርድ ባንክ በደንበኛው ፎቶ እንዴት ይቀጣል ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱም ወገን የራሱ ሚዛን አለው። የቀበሌ ጉባኤ ፊት የሚነበብ ስም ግን ባለስሙ ቆሞ የሚመልስበት ነው፤ በፖስተር ላይ የተለጠፈ ስም መልስ መስጫ የለውም። ልማድን የጠቀሱት ይህን ልዩነት ዘለውታል።

ኪሳራው የማን ነው?

ከዚህ ሁሉ በታች ያለው ያልተፈታ ጥያቄ ገንዘቡ ሲጠፋ ማን ይክፈል የሚለው ነው። የካምብሪጁ ሮስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1993 የባንክ ካርድ ማጭበርበርን መርምሮ ጥፋቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከምስጠራው መሰበር ሳይሆን ከአሠራር ግድፈት እንደሆነ አሳየ። አክሎም በአሜሪካ ያልተፈቀደ ክፍያን ኪሳራ በአመዛኙ ባንኩ ስለሚሸከም ባንኮቹ ሲጠነቀቁ፣ በእንግሊዝ ደንበኛው «ቁጥርህን አውጥተህ ነው» እየተባለ ሸክሙ በእርሱ ላይ ስለወደቀ ባንኮቹ መዘናጋታቸውን አመለከተ።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጭበርባሪውን ይቀጣል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የዲጂታል ሰነድን ሕጋዊ ውጤት ያስቀምጣል። በመካከል የሚቀረው ተራ ክስ ነው፦ ሰውየው «እኔ አላክሁም» ይላል፣ መዝገቡ «ትክክለኛ ቁጥር ገብቷል» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ለጣት ምልክት የሰጠው ጥበቃ ማንበብ የማይችል ሰው በወኪል እጅ ለሚያስገባው ስድስት አኃዝ ይዘልቃል ወይ የሚለውን የሚከራከሩ አሉ። ይዘልቃል የሚሉት ሁለቱም ከማንበብ ይልቅ በመታመን የሚፈጸሙ ድርጊቶች ናቸው ይላሉ። አይዘልቅም የሚሉት ሕጉ የሚናገረው ስለ ጽሑፍ ውል ነው፣ እያንዳንዱ የ50 ብር ዝውውር አረጋጋጭ ከጠየቀ አገልግሎቱ ይቆማል ይላሉ።

በተግባር የሚታየው መሃል መንገድ በወኪሎች ሱቅ ያለው የእጅ መዝገብ ነው። አንዳንዱ ወኪል ገንዘብ ሲያስገባና ሲያወጣ ቀኑን፣ መጠኑንና የስልክ ቁጥሩን በደብተር ጽፎ ደንበኛውን ያስፈርማል፤ መፈረም የማይችለውን በሰማያዊ ቀለም አውራ ጣቱን ያሳትመዋል፣ አጠገቡ የቆመውንም ስም ያክላል። ክርክር ሲነሳ ሽማግሌ የሚያየው ያንን ደብተር ነው።